የሰርቨሩ በር ጠባቂ ማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በኮምፒዩተር ማኅበር ስም በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ በዓል ላይ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን የመረጥነው ብዙዎቻችሁ አይታችሁት የማታውቁትን፣ ነገር ግን የሁላችሁም ስም በውስጡ የሚገኝበትን አንድ ዕቃ ነው። ይኸውም ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል ቀንና ሌሊት ሳያርፍ የሚሠራው የትምህርት ቤታችን ሰርቨር ነው።

ቀድሞ የተማሪው ስም፣ ውጤቱና የወላጁ አድራሻ በትልቅ መዝገብ ተጽፎ በብረት ሣጥን ይቆለፍ ነበር። መዝገቡን ለመስረቅ የፈለገ ሰው አጥሩን መዝለል፣ ዘበኛውን ማታለል፣ በሩን መስበር፣ በመጨረሻም ሣጥኑን መክፈት ነበረበት። ዛሬ ያ መዝገብ በሰርቨሩ ውስጥ ነው። ሰርቨሩም በኢንተርኔት አማካይነት ከዓለም ሁሉ ጋር ስለ ተገናኘ፣ ሌባው ከአልጋው ሳይነሣ በሩን ሊያንኳኳ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ እንዳይለወጥበት የሚፈልግ ተማሪ፣ የፈተናው ወረቀት ከቀኑ በፊት እንዳይወጣበት የሚፈልግ መምህር፣ የስልክ ቁጥሩ በአታላይ እጅ እንዳይገባበት የሚፈልግ ወላጅ፣ ሁሉም ይህን ነገር የራሱ ጉዳይ አድርጎ ሊሰማው ይገባል።

ሰርቨር በመልኩ ከሌላው ኮምፒዩተር ብዙም አይለይም፤ የሚለየው በሥራው ነው። ሌሎች ኮምፒዩተሮች "ይህን ገጽ ስጠኝ፤ ይህን ውጤት አሳየኝ" ብለው ሲጠይቁት የሚሰጥ አገልጋይ ነው። የእኛ ሰርቨር የሚተዳደርበት ሥርዐት ሊኑክስ ይባላል። ይህን ሥርዐት የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ በ1991 ሥራውን ለሰዎች ሲያስታውቅ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። (የውጭውን ዓለም ታሪክ ስንጠቅስ ዓመቱን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሊኑክስን ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ ሊሠራበት፣ ውስጡንም ከፍቶ ሊመረምረው ስለ ተፈቀደ፣ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩት በእርሱ ነው። የተመሰገነ ሥርዐት ነው። ነገር ግን ብርቱ በር ያለው ቤት ሁሉ የተጠበቀ ቤት አይደለም። በሩ ብረት ቢሆን፣ ቁልፉ በመስኮት ላይ ከተተወ ምን ይጠቅማል?

"ትንሽ ነን፤ ማን ያየናል?"

ስለ ሰርቨር ጥበቃ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ "እኛ ባንክ አይደለን፤ የአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨር ማን ብሎ ይፈልገዋል?" የሚል ነው። ይህ አሳብ የተሳሳተ መሆኑን በቁጥር ልናሳይ እንወዳለን።

ኢንተርኔት ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት የአድራሻ ዓይነት በጠቅላላው 4,294,967,296 አድራሻዎች አሉት። ቁጥሩ ሲሰሙት እንደ ባሕር አሸዋ የበዛ ይመስላል። ነገር ግን በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የሚባል ፕሮግራም ሠርተው፣ አንድ ኮምፒዩተር በፈጣን መሥመር ይህን ሁሉ አድራሻ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንኳኩቶ ሊጨርስ እንደሚችል አሳዩ። ከአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ የማይበልጥ ነው! እንግዲህ ሌባው የትምህርት ቤታችንን ስም ጠርቶ አይፈልገንም። የዓለምን በር ሁሉ በየተራ ያንኳኳል፤ የተከፈተለት በር የማን እንደ ሆነ የሚጠይቀው ከገባ በኋላ ነው። ከገባም በኋላ የተማሪ ውጤት ባያስፈልገው እንኳ ማሽኑ ራሱ ያስፈልገዋል። የማጭበርበሪያ ደብዳቤ ይልክበታል፤ በኤሌክትሪካችን የዲጂታል ገንዘብ ያመርትበታል፤ ሌላውን ሰርቨር ይወጋበታል፤ ወይም መዝገባችንን ቆልፎ "ካልከፈላችሁ አልፈታም" ይለናል።

ይህ ከሩቅ የተሰማ ወሬ ብቻ አይደለም። ሰርቨሩ የገባውንና ሊገባ የሞከረውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ሎግ ይባላል። እኛ ያን መዝገብ ስናነብ ከምሽት እስከ ንጋት የማናውቃቸው አድራሻዎች ሲያንኳኩ ያድራሉ። አንድ ጊዜ "ሩት ነኝ"፣ አንድ ጊዜ "አድሚን ነኝ"፣ አንድ ጊዜ "ቴስት ነኝ" እያሉ ስማቸውን ይለዋውጣሉ። አንዱም ትምህርት ቤታችንን አያውቅም፤ አንዳቸውም ግን አልደከማቸውም። የሚያንኳኳው ሰው ሳይሆን ማሽን ነውና።

አራቱ በሮች

በኖቬምበር 2 ቀን 1988፣ ሊኑክስ ገና ሳይወለድ፣ ሮበርት ታፓን ሞሪስ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን በራሱ እየቀዳ ከማሽን ወደ ማሽን የሚሻገር ፕሮግራም ለቀቀ። ፕሮግራሙ ፋይል የሚያጠፋ አልነበረም፤ ነገር ግን ያለ ልክ ስለ ተባዛ ማሽኖቹ ከሸክሙ የተነሣ ሥራ አቆሙ። የተጎዱት በግምት 6,000 ያኽል እንደ ነበሩ ይነገራል፤ በዚያ ጊዜ ይህ ከኢንተርኔት ማሽኖች ሁሉ ቀላል የማይባል ክፍል ነበር። ተማሪውም በ1990 በፍርድ ቤት የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራና የ10,050 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ስለ ተማሪው ሳይሆን ፕሮግራሙ ስለ ገባባቸው በሮች ነው። አንደኛ፣ ቀላል የይለፍ ቃል እየገመተ ገባ። ሁለተኛ፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ባለ ያልታረመ ስሕተት ገባ። ሦስተኛ፣ ለሙከራ ተብሎ ተከፍቶ በተረሳ በር ገባ። አራተኛ፣ አንዱ ማሽን ሌላውን ያለ ጥያቄ በማመኑ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከ35 ዓመት በላይ አልፏል፤ ማሽኑም ሥርዐቱም ተለውጧል። በሮቹ ግን እነዚያው አራቱ ናቸው። ስለዚህ በየተራ እንመልከታቸው።

አንደኛው በር፣ የይለፍ ቃል

አባቶቻችን "አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት" ይላሉ። በ2016 ሚራይ የተባለ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ እየዞረ፣ በትንሽ ሊኑክስ የሚሠሩትን የጥበቃ ካሜራዎችና የኢንተርኔት ማሠራጫ ዕቃዎች እያንኳኳ ይገባ ነበር። የያዘው ጥበብ ምን ነበር? 60 ያኽል የስምና የይለፍ ቃል ዝርዝር ብቻ! ፋብሪካው የሰጠውን ቃል ባለቤቱ ሳይለውጠው ስለ ተወው፣ ያች አጭር ዝርዝር ብዙ መቶ ሺሕ ዕቃዎችን ለመማረክ በቃች። የተማረኩትም ዕቃዎች በኦክቶበር 21 ቀን 2016 ዳይን በተባለው ድርጅት ላይ ዘመቱና ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች በአሜሪካና በአውሮፓ ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት ተቋረጡ።

ለዚህ በር ያለው ፍቱን መድኃኒት ሰርቨሩን በርቀት ስንሠራበት በይለፍ ቃል መግባትን ጨርሶ መተው ነው። በርቀት የምንገባበት መንገድ ኤስኤስኤች ይባላል። ይህን መንገድ በ1995 የሠራው ታቱ ኢለነን የሚባል የፊንላንድ ሰው ነው፤ ምክንያቱም በዩኒቨርሲቲው መሥመር ላይ ሌባ ተቀምጦ የሚያልፈውን የይለፍ ቃል ሁሉ ይለቅም ነበርና ነው። በኤስኤስኤች ከይለፍ ቃል ይልቅ ጥንድ ቁልፍ መጠቀም ይቻላል። ጥንዱን በጓጉንቸርና በመክፈቻው መስለን ብናስረዳ ይቀላል። ጓጉንቸሩን በሰርቨሩ በር ላይ እንሰቅለዋለን፤ ማንም ቢያየው አይጎዳም። መክፈቻው ግን ከእኛ ኮምፒዩተር አይወጣም፤ በቴሌግራም አይላክም፤ ለጓደኛ አይዋስም፤ በራሱም ላይ ሌላ የምሥጢር ቃል ይደረግበታል። ሌባው ዓመት ሙሉ ቢገምት እንዲህ ያለውን መክፈቻ ሊገምት አይችልም።

ከዚህ ቀጥሎ በኤስኤስኤች የደንብ ፋይል ውስጥ ሁለት መሥመር ይለወጣል። አንደኛው በይለፍ ቃል መግባትን ይከለክላል። ሁለተኛው ሩት የተባለው፣ ማለት በማሽኑ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚችለው ታላቅ ባለሥልጣን፣ ከውጭ በቀጥታ እንዳይገባ ይከለክላል። እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስም ገብቶ፣ ሥልጣን በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ ሱዶ በሚባለው ትእዛዝ ይጠይቃል። በዚህም ማን ምን እንዳዘዘ በመዝገቡ ላይ ስለሚጻፍ "እኔ አይደለሁም" የሚባል ነገር ይቀራል። ነገር ግን ይህን ደንብ የሚለውጥ ሰው የገባበትን መስኮት ሳይዘጋ፣ በሌላ መስኮት አዲሱ ቁልፍ መሥራቱን አስቀድሞ ይሞክር። አለዚያ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እንደሚባለው፣ ሌባውን ሲዘጋ ራሱን በውጭ ይቆልፋል።

ፌይልቱባን የሚባል ረዳት ፕሮግራምም አለ። በተለመደው ደንቡ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተውን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያባርረዋል። ይህ ጫጫታውን የሚቀንስ ዘበኛ እንጂ የቁልፍ ምትክ አለመሆኑን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በር፣ ያልታረመ ስሕተት

ፕሮግራም የሰው ሥራ ስለ ሆነ ስሕተት አይታጣበትም። በ2014 ሼልሾክ የተባለው ስሕተት በተገኘ ጊዜ፣ ባሽ በሚባለው የታወቀ ፕሮግራም ውስጥ ከ1989 ጀምሮ ተደብቆ የኖረ መሆኑ ታወቀ። 25 ዓመት ያኽል ማንም አላየውም! እንዲህ ያለውን የተደበቀ ስሕተት መፈለግ የእኛ የተማሪዎች አቅም አይደለም። ከእኛ የሚፈለገው ስሕተቱ ተገኝቶ እርማቱ በወጣ ጊዜ ሳንዘገይ ማረም ነው። "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" የሚለው ምክር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ኢኩዊፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት አሳይቶናል። ስትራትስ በሚባል የድረ ገጽ ፕሮግራም ውስጥ የተገኘ ስሕተት እርማቱ በማርች 2017 ወጣ። ድርጅቱ አንዱን ማሽን ሳያርም ቀረ። በሜይ ወር ሌቦች በዚያው ገቡ፤ የታወቀባቸውም በጁላይ መጨረሻ ነው። በመካከሉ የ147 ሚሊዮን ያኽል ሰዎች የግል መረጃ ተወሰደ። በ2019 ድርጅቱ እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ክፍያ ለመክፈል ተስማማ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ማለት ይህ ነው። እርማቱ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነበር፤ የጠፋው የሚያርመው እጅ ነው።

እንደ እኛ በኡቡንቱ የሚሠራ ሰው ሥራው እጅግ ቀላል ነው። በመጀመሪያ አፕት አፕዴት፣ ቀጥሎም አፕት አፕግሬድ ብሎ ማዘዝ ነው። የጥበቃ እርማቶች በየቀኑ በራሳቸው እንዲገቡ የሚያደርግ አንአተንድድ አፕግሬድስ የሚባል ፕሮግራምም አለ። ሆኖም የሥርዐቱ አስኳል፣ ከርነል የሚባለው፣ ሲታረም ማሽኑ ተነሥቶ እንደ ገና መጀመር አለበት፤ ካልተነሣ እርማቱ በመደርደሪያ እንደ ተቀመጠ መድኃኒት ይሆናል። ደግሞም ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚወጣው የኡቡንቱ ዓይነት መደበኛ ድጋፉ 5 ዓመት ነውና፣ ጊዜው ሳያልፍ ወደ ቀጣዩ መሸጋገር ይገባል። የማያስፈልገውን ፕሮግራም ደግሞ ከማረም ማንሣት ይሻላል፤ የሌለ ፕሮግራም አይሰበርምና።

ሦስተኛው በር፣ ተከፍቶ የተረሳ

በሰርቨር ላይ በር ስንል ፖርት የሚባለውን ቁጥር ማለታችን ነው። ቁጥሩ እስከ 65,535 ይደርሳል። ለአንድ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ግን ሦስት ነው ብንል አላጋነንንም፤ 22 ለኤስኤስኤች፣ 80ና 443 ለድረ ገጹ። ኤስኤስ የሚባለውን ትእዛዝ ብንሰጠው የትኛው ፕሮግራም በየትኛው በር እንደሚያዳምጥ ይዘረዝርልናል። ከዝርዝሩ ውስጥ ለምን እንደ ተከፈተ ማንም ሊያስረዳ የማይችለው በር ከተገኘ መዘጋት አለበት።

በ2017 መጀመሪያ ሞንጎዲቢ የሚባለውን የመረጃ ማከማቻ ያለ ይለፍ ቃል ለዓለም ሁሉ ከፍተው የተዉ ሰዎች መዝገባቸው እየተደመሰሰ በቦታው የገንዘብ መጠየቂያ ደብዳቤ ተተወላቸው። የተጎዱት ማከማቻዎች በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ነበሩ። በሩን የሰበረ ማንም አልነበረም፤ ተከፍቶ ነበርና። ስለዚህ የመረጃ ማከማቻ ለውስጥ አድራሻ፣ ማለት ለ127.0.0.1፣ ብቻ እንዲመልስ ይደረጋል። በዚያም ላይ ፋየርዎል ይቆማል። በኡቡንቱ ላይ ያለው ዩኤፍደብሊው ይባላል፤ ደንቡም "ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ከልክል፤ ከዚያ የፈቀድኩትን ብቻ አስገባ" የሚል ነው። በርቀት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ 22ን ይፍቀድ፤ ከዚያ በኋላ ፋየርዎሉን ያስነሣ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ግን ቁልፍ ይዞ ወደ ሰርቨሩ ክፍል በእግሩ መሄድ ይኖርበታል።

አራተኛው በር፣ ልክ ያለፈ እምነት

ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፋይል ማን ሊያነብ፣ ማን ሊጽፍ፣ ማን ሊያሠራ እንደሚችል በቁጥር ይወስናል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማሠራት 1 ነው። አንድ ነገር አልሠራ ሲላቸው 777 ብለው ለሁሉ ሁሉን የሚፈቅዱ አሉ። ይህ በሩ ስለ ጠበቀ ግድግዳውን ማፍረስ ነው። የግል መክፈቻ ቁልፍ ያለበት ፋይል 600 መሆን አለበት፤ ባለቤቱ ብቻ ያንብበው፣ ባለቤቱ ብቻ ይጻፍበት። የድረ ገጹም ፕሮግራም በሩት ስም ሳይሆን አነስተኛ ሥልጣን ባለው የራሱ ስም ይሠራ። ያን ጊዜ ቢሰበር እንኳ ሌባው የገባው ወደ አንዲት ክፍል እንጂ ወደ ቤቱ ሁሉ አይሆንም።

ድረ ገጹ ከውጭ የሚጻፍለትንም ቃል እንዲሁ ማመን የለበትም። የተማሪ ስም በሚጻፍበት ሣጥን ውስጥ ክፉ ሰው ለመረጃ ማከማቻው የተነገረ ትእዛዝ ሊጽፍ ይችላል። ፕሮግራሙ ስሙንና ትእዛዙን በአንድ ላይ ከቀላቀለ ማከማቻው የሌባውን ቃል እንደ ጌታው ቃል ይፈጽማል። ስለዚህ ፕሮግራም የምትጽፉ ተማሪዎች፣ ትእዛዙን ለብቻ፣ የተጻፈውን ስም ለብቻ አድርጋችሁ እንድትልኩ አደራ እንላለን።

ከማሽን እምነት ይልቅ የሚከብደው ግን በሰው ላይ የሚጣለው እምነት ነው። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ በኤስኤስኤች ሲገባ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያኽል እንደ ዘገየ አስተዋለ። ሌላው ሰው ንቆ በሚያልፈው ነገር ላይ ቆሞ መረመረ። "ጠርጥር ከገንፎም ይኖራል ስንጥር" እንደሚባለው፣ ኤክስዚ በሚባለው ፋይል የሚያጠብብ ፕሮግራም ውስጥ፣ በ5.6.0ና በ5.6.1 እትሞች ላይ፣ የተደበቀ የሌባ በር አገኘ። በሩን የሠራው "ጂያ ታን" በሚል ስም የተጠራ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በላይ ጥሩ ሥራ እየሠራ የደከመውን የፕሮግራሙን ጠባቂ እምነት አግኝቶ ቁልፍ የተሰጠው ነበር። ክፉው እትም በብዙ ሰርቨሮች ላይ ሳይገባ በመገኘቱ ዓለም ከትልቅ ጥፋት ዳነች። እኛ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተምረናል። የወትሮውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ያልተለመደውን ያውቃል። ደግሞም ብቻውን የሚደክም ጠባቂ፣ ቁልፉን ለማን እንደሚሰጥ የማሰብ ጉልበት አይኖረውም።

ከጥበቃ ሁሉ በኋላ

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው "ከእንግዲህ አልነካም" ብሎ ሊመካ አይገባውም። በ2011 የሊኑክስ አስኳል የሚቀመጥበት ከርነል ዶት ኦርግ የተባለው ቤት ራሱ ተሰብሮ ነበር። ሆኖም የፕሮግራሙ ጽሑፍ በዓለም ላይ ባሉ በብዙ ሠራተኞች ኮምፒዩተሮች ላይ ተቀድቶ፣ ለውጥም ቢደረግበት በሚያሳብቅ ስሌት ታትሞ ስለ ነበር ሳይበላሽ ቀረ። የዳነው በበሩ ብርታት ሳይሆን በቅጂው ብዛት ነው።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችንም መዝገብ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱም ከግቢው ውጭ ይቀመጥ። ሁልጊዜ ከሰርቨሩ ጋር የተያያዘ ቅጂ ቅጂ አይባልም፤ ሌባው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይቆልፋቸዋልና። ቅጂውም በየጊዜው ተመልሶ ሲነበብ ይታይ። ያልተሞከረ ቅጂ ተስፋ እንጂ ንብረት አይደለም። ምናልባት ሰርቨሩ ተሰብሮ ቢገኝ፣ መጀመሪያ ከኢንተርኔቱ ይለይ፤ ሎጉ አይደምሰስ፤ ለርእሰ መምህሩ ወዲያው ይነገር፤ ከዚያ ማሽኑ ከንጹሕ ቅጂ እንደ ገና ይተከል፤ ቁልፉም ሁሉ ይለወጥ። ከሁሉ የሚከፋው መሰበሩ ሳይሆን መደበቁ ነው።

እዚህ ላይ ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። የሌባውን መንገድ ያወቃችሁት በራችሁን እንድትዘጉበት ነው። የሌላውን ሰው ሰርቨር "ለመማር ያኽል" ብሎ ያለ ፈቃድ መሞከር በአገራችን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ወጣ፣ የሰውን ስምና አድራሻ የያዘ ሁሉ አደራ የያዘ መሆኑን ሕጉም ይናገራል። ለመማር የሚፈልግ በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ሊኑክስ ተክሎ፣ የገዛ በሩን ያንኳኳ።

ልመናችን

አሁን ወደ መጨረሻው ነገር ደርሰናል። እኛ በማኅበሩ ውስጥ የሰርቨሩን ቁልፍ የያዝን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን እንሄዳለን። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቻችን ወደ ሥራ እንበተናለን። ሰርቨሩ ግን እዚሁ ይቀራል፤ የሚያንኳኩትም አይሄዱም። የነገርናችሁን ሁሉ ብትመለከቱ፣ ከባድ ጥበብ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። የቀረው ሁሉ ተራ ሥራ ነው። እርማት ማስገባት፣ ሎግ ማንበብ፣ በር መቁጠር፣ ቅጂ መሞከር ነው። ሰርቨሩን የሚጠብቀው አንድ ብልህ ተማሪ ሳይሆን በየሳምንቱ የማይታጎል ልማድ ነው። ብልህ ተማሪ ይመረቃል፤ ልማድ ግን ይቀራል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አራት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፣ የሰርቨሩ ኀላፊ ከመምህራን አንዱ ይሁን፤ ስሙም ይታወቅ። ተማሪዎች ይረዱት እንጂ ብቻቸውን አይያዙት። ሁለት ሰው ቁልፍ ይያዝ፤ አንዱ ቢታመም ሥራው እንዳይቆም፤ ከሁለትና ከሦስት ግን አይብዛ።

ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጧት አንድ ሰዓት ለሰርቨሩ ይሰጥ። የሠራው ሰው ያደረገውን በደብተር ጽፎ ይፈርም። ደብተሩን ጀምረናል፤ ለተተኪዎቻችን እናስረክባለን።

ሦስተኛ፣ ለቁልፍ የሚመረጠው ተማሪ በፍጥነቱ ብቻ አይመረጥ። የጀመረውን የሚፈጽም፣ ያላወቀውን የሚጠይቅ፣ ያየውን የማይደብቅ ይሁን።

አራተኛው ልመናችን ስለ ራሳችን ነው። የመጨረሻውን ፈተና በጨረስንበት ቀን ከምሽቱ በፊት በስማችን ያለው ቁልፍ ሁሉ ከሰርቨሩ ይሰረዝ፤ ስማችንም ከሱዶ ዝርዝር ይውጣ። "እነርሱ የእኛ ልጆች ናቸው፤ ምን ያደርጋሉ?" ብላችሁ አትራሩልን። እምነታችሁን አላጣንም። ነገር ግን የሄደ ሰው ቁልፍ፣ ባለቤቱ ታማኝ ቢሆን እንኳ፣ በሌባ እጅ ሊወድቅ የሚችል የተረሳ በር ነው። ይህን ማሽን እንደ ገዛ ቤታችን ጠብቀነዋል፤ ከእርሱ መለየትም ሳይከብደን አይቀርም። ቢሆንም እኛን ራሳችንን በውጭ መዝጋት የማይችል ጥበቃ ሌላውን ሊዘጋ አይችልም። በሚቀጥለው ዓመት አንዳችን ለናፍቆት ያኽል በሩን ብናንኳኳና "መግባት አልተፈቀደም" የሚል መልስ ብናገኝ፣ ያን ቀን ያስረከብናችሁ ሥራ በደኅና እጅ እንዳለ አውቀን ደስ ይለናል።